«ጠይሜ» ብለው የመረቋት ሙሽራ

ሙሽራ ማስዋብ ከጀመርኩ 9 ዓመት አለፈኝ። ስንት ሙሽራ እንደሠራሁ ቆጥሬ አላውቅም። የብዙዎቹን ፊት ዛሬ መንገድ ላይ ባየው ላላስታውሰው እችላለሁ። አንድ ቀን ግን አለ፣ የማልረሳው። ከዚያ ቀን ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣብኝ ደግሞ የሙሽራዋ አያት አውራ ጣት ነው።

ጥር ወር ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቤታቸው ደረስኩ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ሴቶቹ ነቅተው ወጥ እየሠሩ ነው፤ የቁሌቱ ሽታ እስከ በሩ ድረስ ይመጣል። ሙሽራዋ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ነጠላ ደርባ ትጠብቀኛለች። ጥርት ያለች ጠይም ናት። ብጉር የለ፣ ጠባሳ የለ። ከስር ወርቅ ወርቅ የሚል ቆዳ አላት። ሳያት ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ፊት ብዙ ሥራ አይፈልግም።

አክስቷ ለሰርጉ ብለው ከቨርጂኒያ መጥተዋል። ሻንጣቸውን ከፍተው ገና ካርቶኑ ያልተቀደደ ፋውንዴሽን (ከሁሉ በፊት ሙሉ ፊት ላይ የሚቀባው የቆዳ ቀለም) አወጡ። «ይህን ነው የምትቀቢያት፤ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶዋን አሳይቼ አስመርጬ ነው የገዛሁት» አሉኝ። ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አስጠግቼ አየሁት። ከልጅቷ ቢያንስ በ2 ሼድ፣ በ2 የቀለም ደረጃ፣ ይቀላል። ሮዝ ሮዝም ይላል። «ትንሽ የቀላባት አይመስልዎትም፣ እትዬ?» አልኳቸው። «ሙሽራ አይደለች እንዴ? ፈካ ትበል እንጂ!» አሉ። እናትየዋም ራሳቸውን ነቅንቀው አጸደቁ። ሙሽራዋን በመስታወቱ ውስጥ አየኋት። ዓይኗን ወደ ጭኗ ሰበር አደረገች። ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩም። ቀባኋት።

ረፋዱ ላይ የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ሚዜዎቹ በር ይዘው ጨፈሩ፣ ተከራከሩ፣ ሙሽራው ገባ። ሊወጡ ሲሉ የሽማግሌዎቹን ጉልበት መሳም ጀመሩ። አያቷ ነጭ ጋቢ ለብሰው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። እሷ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀና ስትል በአውራ ጣታቸው ግንባሯ ላይ አማተቡባት።

«ጠይሜ» አሏት። «ጠይሜ፣ ውለጂ ክበጂ። ቤትሽ የሞቀ ይሁን።»

ሁሉም «አሜን» አለ። እኔ ብሩሼን ይዤ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። ቃሉ ሲወጣ ሰማሁት፣ ሲያርፍም አየሁት። ያረፈው ጠይም ያልሆነ ፊት ላይ ነው። ያንን ፊት የሠራሁት እኔ ነኝ።

ጣታቸው ያለፈበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተነስቷል። በዚያ ሁሉ ሮዝ መሃል የራሷ ቆዳ በመስቀል ቅርጽ ብቅ አለ። አያትየው አውራ ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ከዚያ እሷን አዩ። ከዚያ ጣታቸውን ቀስ አድርገው ጋቢያቸው ላይ ጠረጉ። ምንም አላሉም። ተረኛው ሳሚ መጣ።

ዝም አይነቅዝም?

«ዝም አይነቅዝም» እያልን ነው ያደግነው። የዚያን ጠዋት ዝምታዬ ግን ነቀዘ። ግንባሯን ለማስተካከል ስጠጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠቆር ያለ ፓውደር ደረብኩበት። ይባስ ብሎ ተዥጎረጎረ። መኪናዎቹ እየጠበቁ ነው፣ ጊዜ የለም። እህቷ አጠገቤ ቆማ ጥጡን፣ መሃረቡን ታቀብለኛለች። «ጠይሜ ማለት የቤት ስሟ ነው?» አልኳት። «አያቴ ያወጡላት ነው፤ በሌላ ስም ጠርተዋት አያውቁም» አለችኝ።

ከሁለት ወር በኋላ የፎቶ አልበሙን አየሁት። ፎቶ ቤቱ ፊቷና አንገቷ አልመጣጠን ሲለው አንገቷን አቅልቶታል። እጇንም አቅልቶታል። ቀለበት ስታጠልቅ የሚታየው እጅ እንኳን የእሷ አይደለም። ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ፎቶ ቆሜ ሳየው የማላውቃት ሴት ናት። ቆንጆ ናት። ግን አላውቃትም። ስሕተቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ፎቶ ቤቱ የእኔን ሥራ ነው የጨረሰው።

ለምን እምቢ አላልኩም? ብዙ ምክንያት ነበረኝ። ደንበኛ ናቸው። ታላቅ ናቸው። ከባሕር ማዶ ተሸክመው ያመጡትን ስጦታ ማን ይመልሳል? ሰርግ ቤት ውስጥስ በሌሊት ማን ክርክር ይጀምራል? ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ቆይቼ ሳስበው ሌላም ነገር አለ። እኔም ራሴ በዚያን ጊዜ ሙሽራ ትንሽ ስትቀላ ታምራለች ብዬ አምን ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ፀጉር ቤት ውስጥ ስሠራ ከሰማሁት፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ፎቶ፣ ደንበኛ ሲመሰገን ከሚባለው ቃል ለቃቅሜ ነው የያዝኩት።

መፍካትና መቅላት

የአክስቷ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም። «ፈካ ትበል» ነው ያሉት። «ትቅላ» አላሉም። እኔ ነኝ «ትቅላ» ብዬ የሰማሁት። ምናልባት እሳቸውም ሲገዙ እንደዚያው ተረድተውት ይሆናል።

አማርኛችን ውስጥ ሁለቱ ተጠላልፈውብናል። ሰው ሲያዝን «ፊቱ ጠቆረ» እንላለን። ሲደሰት «ፊቱ ፈካ» እንላለን። ከመስክ ሥራ የተመለሰችን ልጅ «ምነው ጠቆርሽ? አመመሽ እንዴ?» ብለን እንቀበላታለን። ቃሉ ስለ ስሜት ይጀምርና ቆዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ እናት ልጇን በሰርጓ ቀን ደስተኛና የበራች ሆና ማየት ስትፈልግ አፏ ላይ የሚመጣው ቃል «ፈካ አድርጊልኝ» ይሆናል። ሠሪዋም ነጣ ያለውን ጠርሙስ ታነሳለች።

ግን ፍካት የሚመጣው ከብርሃን ነው። በዘይት የታሸ ጥቁር እንጨት አይታችሁ ታውቃላችሁ? መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ነጭ ግድግዳ የማይሰጠውን ብርሃን ይሰጣል። ጠይም ቆዳም እንደዚያ ነው። የወዛ ከሆነ፣ ቀለሙ ከተጠበቀ፣ ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ያበራል። በላዩ ላይ የነጣ ቀለም ስትደርቡበት ያንን መንገድ ነው የምትዘጉት። ውጤቱ እኛ ሠሪዎች «አመድ መሰለ» የምንለው ነው። ከዚያ አመዱን ለማጥፋት ሌላ ቀለም ይደረባል። ከዚያ ሌላ። በመጨረሻ ፊት ሳይሆን ግድግዳ ቀባን ማለት ነው።

ከዚያ ጥር ወዲህ ጥያቄዬን ለወጥኩ። አንዲት ሙሽራ «ቀላ አድርጊኝ» ስትለኝ «ምን እንዲታይልሽ ነው የፈለግሽው?» እላታለሁ። አንዷ ከዓይኗ ስር ያለውን ጥቁረት ታሳየኛለች። አንዷ አፏ ዙሪያ ጠቆር ያለውን። አንዷ ደግሞ ብጉር የተወውን ነጠብጣብ። ለእያንዳንዱ መላ አለው። ሙሉ ፊቷን መቀየር የፈለገች ሴት ብዙም አላጋጠመችኝም።

በር ላይ እንውጣ

አሁን ፋውንዴሽን የምመርጠው በር ላይ ነው። የሳሎን አምፖል አንዱ ሰማያዊ ያደርጋል፣ አንዱ ቢጫ። በእጅ ጀርባ ላይ መሞከርም አይረባም። እጃችን ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል ከፊታችን ይለያል። ስለዚህ ሙሽራዋን በቀን ብርሃን በር ላይ አስቀምጬ ከመንጋጋዋ ወደ አንገቷ የሚወርድ 3 መስመር እቀባለሁ። አንዱ ይሆናል ብዬ የገመትኩት፣ አንዱ ትንሽ ቀላ ያለ፣ አንዱ ትንሽ ጠቆር ያለ። ከዚያ 15 ደቂቃ እንጠብቃለን። ቡና ካለ እንጠጣለን። ብዙ ፋውንዴሽን ከቆዳ ወዝና ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፣ ወይም ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል። ወዲያው ያየነው ቀለም የቀትሩ ቀለም አይደለም። ከ15 ደቂቃ በኋላ የጠፋው መስመር የእሷ ነው።

የብዙዎቻችን ፊት አንድ ዓይነት ቀለም የለውም። ግንባርና የአፍ ዙሪያ ጠቆር ይላል፣ ጉንጭ ቀላ ይላል። እኔ የማመሳስለው ከአንገትና ከደረት ጋር ነው። ቬሎ ደረት ያሳያል፤ የሀበሻ ቀሚስም አንገቱ ይከፈታል። ፊቷ ከደረቷ ጋር ከተስማማ ሁሉም ይስማማል።

ከስር ያለው ቀለም ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሠሪዎች አንደርቶን ይሉታል። ሁለት ጠይም ሴቶች እኩል ጠቁረው አንዷ ከስር ወርቃማ፣ ሌላዋ ቀላ ያለች ልትሆን ትችላለች። አረንጓዴ ቢጤ የምትልም አለች። የእጅሽን ደም ስር እዪ የሚል ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደም ስሩ በደንብ ስለማይታይ እኔን ረድቶኝ አያውቅም። እኔ ነጠላ እጠቀማለሁ። አንድ ጊዜ ንጹሕ ነጩን፣ አንድ ጊዜ ክሬም የሚመስለውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደርጋለሁ። ከክሬሙ ጋር የምትሞቀው አብዛኛውን ጊዜ ወርቃማ ናት። ነጩ የሚያጎላት ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቢጤ አላት።

ቀይ የሆነች ሙሽራም የራሷ ችግር አላት። ጉንጯና የአፍንጫዋ ዙሪያ ቶሎ ይቀላል። ሮዝ ፋውንዴሽን ስትቀባ የተቆጣች ትመስላለች። ለእሷ ቢጫ ቢጤ ያለው ይሻላል። ቀይ ዳማዋን ማስዋብ ከሁሉም ቀላል ነው፤ መዳብና ወርቅ ዓይኗ ላይ ሳደርግ ሌላ ብዙ አልጨምርም።

ጠይምና ጥቁር ላይ ግን ልቆይ፤ ስሕተት የሚበዛው እዚያ ነውና። ከዓይን ስር ያለውን ጥቁረት በነጣ ኮንሲለር (እንከን መሸፈኛ ቀለም) ለመሸፈን ስንሞክር ግራጫ ይሆናል። መጀመሪያ ብርቱካንማ ኮሬክተር (ጥቁረቱን የሚያመዛዝን ቀለም) በስሱ ይቀባል፤ ብርቱካኑ ሰማያዊውን ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ነው ኮንሲለሩ፣ እሱም ከቆዳዋ ከግማሽ እስከ አንድ ሼድ ብቻ ቢቀላ ይበቃል። ፓውደሩ ነጭ ከሆነ ልፋቱን ሁሉ ያበላሸዋል፤ ቀለም ያለው፣ ወርቃማ ወይም ቡናማ ቢጤ ይሁን። ብላሽ (የጉንጭ ቀለም) ላይ ደግሞ አትፍሩ። ቀይ ሴት ላይ የሚጮኸው የሸክላ ቀለም፣ የበሰለ ብርቱካን፣ የወይን ጠጅ ቀለም ጥቁር ሴት ላይ ደም የሞላው ጉንጭ ይሆናል። ፈዛዛ ሮዝ ግን ኖራ ይመስላል። ሃይላይተሩም (የሚያብረቀርቀው ቀለም) ብርማ ሳይሆን ወርቅ ወይም መዳብ። ያ ነው ፍካቱ።

ጠርሙሱ መቼ ደረሰን?

ስጀምር መርካቶ ሄጄ የምገዛው ፋውንዴሽን ለቀይ ብዙ ምርጫ ነበረው፣ ለጥቁር ግን አንድ ወይ ሁለት። ቡናማ አይሻዶ (የዓይን ቆብ ቀለም) ፈጭቼ ቀላቅዬ ሠርቼ አውቃለሁ። የእኛ ብቻ ችግር አልነበረም። የሶማሊያዋ ሞዴል ኢማን እ.ኤ.አ. በ1994 የራሷን የመዋቢያ ድርጅት ያቋቋመችው ለእንደኛ ዓይነት ቆዳ የሚሆን ስላጣች ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የመዋቢያ ድርጅቱ የኤስቴ ላውደር የማስታወቂያ ፊት ስትሆን ድርጅቱ ከዚያ በፊት ጥቁር ሴት ለዚያ ቦታ መርጦ አያውቅም ነበር። የዘፋኟ የሪሃና መዋቢያ ፌንቲ ቢዩቲ እ.ኤ.አ. በ2017 በ40 ሼድ ሲመጣ ነው ብዙዎቹ ጠርሙሳቸውን ማብዛት የጀመሩት። አሁን አዲስ አበባም ፈልገን አናጣም፤ ዋጋው ቢያቃጥልም።

ካሜራውም ቢሆን ለእኛ ተብሎ አልተሠራም። በፊልም ዘመን ፎቶ አጣቢዎች ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል ናሙና ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ካማረ ፎቶው ተስተካክሏል ማለት ነው። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ቡናማና ጠቆር ያሉ ቀለሞችን የሚለይ ፊልም እንዲሠራ ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። የእንጨቱ ዓይነት አልለይ፣ የቸኮሌቱ ቀለም አልታይ ብሏቸው። ይህን ያነበብኩ ቀን የእናቴን የሰርግ ፎቶ አወጣሁ። ጥርሷና ቬሎዋ ቦግ ብሎ ይታያል። ፊቷ ጨለማ ነው። እናቴ በሕይወቷ እንደዚያ ጠቁራ አታውቅም። «ያኔ ሜካፕ የለም፤ ለዚያ ነው ያላማርኩት» ስትል ነው የኖረችው።

ዛሬ ካሜራው ተሻሽሏል፤ ብርሃኑን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። የፀሐይ መከላከያ ያለበት ክሬም ብዙ ጊዜ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ አለው። ሲሊካ የበዛበት ፓውደርም አለ። በዓይን ሲታዩ ምንም አይሉም። የማታ ፍላሽ ሲያርፍባቸው ግን ፊት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሥራዬን ከመጨረሴ በፊት መብራት አጥፍቼ በስልክ ፍላሽ አንድ ፎቶ አነሳታለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ነጭ ልብስ ከታች ወደ ፊት ብርሃን እንደሚረጭም አትርሱ። በነጠላ የሠራሁትን ፊት ቬሎውን ለብሳ ሳላየው አልጨርስም።

አፍንጫ፣ ከንፈር፣ ዓይን

«አፍንጫዬን ሰልከክ አድርጊልኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በግራና በቀኝ የሚሰመረው ጥቁር መስመር ስቱዲዮ ውስጥ ያምር ይሆናል። የእኛ ሰርግ ፎቶ ግን ግማሹ በቀትር ፀሐይ ሜዳ ላይ ነው። መስመሩ መስመር ሆኖ ይታያል። ከፈለጋችሁ ከቆዳችሁ በአንድ ሼድ ብቻ የጠቆረ ይሁን፣ ዳሩ እስኪጠፋ ይሰራጭ። ሰፊ ግንባር ላይም የፀጉር መነሻው ዙሪያ ትንሽ ሞቅ ያለ ቡናማ ይበቃል። እኔ በግሌ ሰፊ ግንባር እወዳለሁ፤ ሹሩባ ሲያርፍበት፣ የወርቅ ጌጥ ሲወርድበት።

ከንፈር ላይ ብዙ ሠሪ የሚዘነጋው ነገር አለ። የብዙዎቻችን የላይኛው ከንፈር ከታችኛው ይጠቁራል። አንድ ሊፕስቲክ ሁለት ቀለም ሆኖ ይቀራል። ሁለቱንም በቡናማ እርሳስ ቀድሜ እሞላለሁ፣ ከዚያ ላይ ቀለሙን። በተክሊል የምታገባ ሙሽራ ግን ትቆርባለች፣ መስቀል ትሳለማለች። ከንፈሯን አልነካም። የሚቀባው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ሙስሊም ሙሽራ ከሆነች ደግሞ የሶላቱን ሰዓት አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ውዱእ አድርጋ ከሰገደች በኋላ ብጀምር እሷም ልቧ ያርፋል፣ ሥራዬም አይታጠብም።

ትልልቅ ዓይን ያላት ሙሽራ ከባድ ሽፋሽፍት ሲለጠፍላት ዓይኗ ይዘጋል። ዳር ዳሩን ብቻ መትከል ይሻላል። የዓይን ቆቧ ወደ ታች የሚከብድ ከሆነ አይሻዶውን ከእጥፋቱ ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ዓይኗን ገልጣ እያየችን እንጂ ጨፍና አይሠራም። ስርጉድ ያላት ልጅ ብላሹን ስርጉዱ ውስጥ አታድርጉባት፤ ስትስቅ ይጠፋል። ፍንጭት ያላት ደግሞ ደማቅ ከንፈር ይገባታል፤ ስትስቅ ሁሉም ዓይን እዚያ ይሂድ።

አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት ሙሽራ መጥታ ነበር። አያቷ በልጅነቷ ያስነቀሷት። ቤተሰቡ «ይሸፈን» አለ። እሷን ብቻ ለይቼ ጠየቅኳት። «ይታይ» አለች። ወርቁን ከንቅሳቱ በታች አወረድነው።

ከሰርጉ በፊት ያሉት ሳምንታት

«ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው ለእኛ ሥራ የተነገረ ይመስለኛል። ሙከራ ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት ይደረግ። ሠሪዋ ያን ቀን ቀለም ትመርጣለች፣ ሙሽራዋም ፊቷን ታውቀዋለች፣ ያልወደደችውን ለመናገር ጊዜ ታገኛለች። ያቺ ጠይሟ ሙሽራ ሙከራ ቢኖራት ኖሮ እንደዚያ አንገቷን አትደፋም ነበር ብዬ አስባለሁ።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። የጥር ጠዋት ደረቅና ብርዳም ነው፣ ቀትሩ ይፋጃል። የደረቀ ቆዳ ላይ ፋውንዴሽን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቅባት ከተቀባ በኋላ እስኪገባ 10 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የቅንድብና የፊት ፀጉር በክር ማንሳት ከሰርጉ 3 ቀን ቀደም ብሎ ይሁን። ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቆጣ ቀይ ሆኖ አይተውም፤ ጥቁር ምልክት ሆኖ ለወራት ይቀመጣል። በዚያው ምክንያት በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ክሬም አይሞከርም።

ስለ ማቅያ ክሬም ደግሞ ተለሳልሼ መናገር አልችልም። ስሙ ያልተጻፈበት፣ በትንሽ ዕቃ የተገለበጠ ክሬም «በ2 ሳምንት ታበሪያለሽ» ተብሎ ይሸጣል። ውስጡ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ሜርኩሪን ለመቆጣጠር አገሮች የተፈራረሙት የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከገበያ እንዲወጡ እ.ኤ.አ. 2020ን የመጨረሻ ዓመት አድርጎ ነበር፤ ግን ዛሬም በየሱቁ አይጠፉም። ሌሎቹ ሃይድሮኪኖን (ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል) ወይም ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ይሆናሉ። ስቴሮይዱ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ስታቆመው ይቆጣል፣ ብጉሩ ይፈላል። ሰርጓ ሊደርስ 10 ቀን ሲቀራት ፊቷ እንደተቃጠለ ሰው ሆኖ የመጣች ልጅ አለችኝ። ወደ ቆዳ ሐኪም ነው የላክኋት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ለልጆቻችሁ፣ ለእህቶቻችሁ ንገሩ።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አንዲት ጥቁር ሙሽራ ለሙከራ መጣች። ጥቁር፣ ስስ ሰማያዊ የመሰለ ጥላ ያለው ቆዳ። እናቷ አብረዋት ናቸው። ቦርሳቸውን ከፍተው ጠርሙስ አወጡ። «ይህን ብትቀቢያት» አሉኝ። ቀላ ያለ ነው። ልቤ ደነገጠ። የዚያ ጥር ጠዋት ትዝ አለኝ። «እሺ እማማ፣ እሱንም እናየዋለን፤ በር ላይ እንውጣ» አልኳቸው።

በርጩማ አውጥተን አስቀመጥናት። 3 መስመር ቀባሁ። አንዱን ከእሳቸው ጠርሙስ፣ አንዱን በመሃል ካለው፣ አንዱን እኔ ከመረጥኩት። ቡና ተቀዳልን። ስለ ድንኳኑ አወራን፣ ስለ በሬው ዋጋ አወራን። 15 ደቂቃ አለፈ። እናትየዋ መነጽራቸውን አውጥተው አጠለቁ። የልጃቸውን አገጭ ይዘው ወደ ፀሐይ አዞሩት። ጣታቸውን መንጋጋዋ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራተቱ።

«ሁለቱን አየሁ» አሉ። «ሦስተኛውን የት ነው የቀባሽው?»